ከብት የገባበት ባሕር

ቀበሌያችን ከባሕር ወለል በላይ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ባሕራችን ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ነው። በመካከላቸው አንድ አገርና ግማሽ ውቅያኖስ አለ። ይህ ግን በወረዳው ካርታ ላይ አይታይም፤ ካርታው ሁለቱን አጎራብቶ በአንድ ቀለም ቀብቷቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውቅያኖሱ ለአገሮች ሁሉ ሲከፋፈል ወደብ ያለውም የሌለውም እኩል ይድረሰው ተባለ። የእኛ አገር ድርሻዋን ተረከበችና ማን ያስተዳድረው በሚለው ላይ ስድስት ወር ተሰበሰበች። በመጨረሻ በለመደችው መንገድ ሄደች፤ ባሕሩ በካሬ በካሬ ተሸንሽኖ ለቀበሌዎች በዕጣ ታደለ። ለኮሶ አምባ ቀበሌ ጎኑ ሃያ ኪሎ ሜትር የሆነ ካሬ ደረሰን። ቁጥሩ 4417 ነው። መንዝ ውስጥ በቁጥር የሚጠራ ማሳ ስለሌለ ሰው ሁሉ ታችኛው ማሳ ይለዋል።

እኔ እታገኝ እባላለሁ፤ የቀበሌው የባሕር ልማት ሠራተኛ ነኝ። የግብርናዋ ልጅ አፈር ታያለች፣ የጤናዋ ልጅ ሕፃናት ትከትባለች፣ እኔ ባሕር አያለሁ። በእግሬ ረግጬው አላውቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ለሥልጠና በገባን ጊዜ አሠልጣኙ በባልዲ ውኃ ላይ ጨው በትነው ጣታችንን አስነክረውናል፤ ተግባራዊ ትምህርት የሚባለው ይኸው ነበር።

ጠዋት ቢሮዬን ስከፍት በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። ወፍጮ ቤት የሚሄደውም፣ ኩበት ተሸክሞ የሚያልፈውም ቆም ብሎ ባሕሩ እንዴት አደረ ይለኛል። ደህና ነው፣ ማዕበሉ ሁለት ሜትር ነው እላለሁ። ሁለት ሜትር ከሆነማ ደህና ነው ብሎ ተረጋግቶ ይሄዳል። በሕይወቱ ያየው ትልቁ ውኃ የበግ ማጠጫ ኩሬ ነው፤ ስለ ማዕበል ግን አስተያየት አያጣም።

ወረዳው በየሦስት ወሩ ቅጽ ይልካል። ቅጹ ለየብስም ለባሕርም አንድ ነው፤ አራተኛው ጥያቄ በማሳው ላይ የተሠራ እርከን በኪሎ ሜትር ይላል። በመጀመሪያው ዓመት የለም ብዬ ጻፍኩና ቸልተኛ ተብዬ ተገመገምኩ። በሁለተኛው ዓመት አራት ኪሎ ሜትር ብዬ ጻፍኩ። የተሸለምኩት ሰርተፊኬት ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የባሕር ዓሣ ጦም ይፈታል ወይስ አይፈታም በሚለው ክርክር መንደሩ ለሁለት ሲከፈል፣ ቄሱ ዓሣው ኮሶ አምባ ሲደርስ እወስናለሁ ብለው ነገሩን በይደር አቆይተውታል። እኔ በባሕር አስተዳደር ላይ ከሰማኋቸው ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ነው።

ጋሽ አጎናፍር አባ ቄራችን ናቸው። አባ ቄራ ማለት ጓሳውን የሚዘጋና የሚከፍት ሹም ነው። ጓሳ ደጋው ላይ የሚበቅል ረጅም ሣር ሲሆን ጣሪያ ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል፤ ክረምቱ ሲከፋ ከብት ይበላዋል። አባ ቄራው ዘግቻለሁ ካሉ አንድ ጭብጥ የሚያጭድ የለም፤ ሦስት ዓመትም ይሁን አምስት ይጠበቃል። ደርሷል ያሉ ቀን ሕዝቡ ሁሉ ማጭዱን ይዞ እኩል ይወጣል። ደርሷል አልደረሰም የሚለውን የሚያውቁት በዓይናቸው ነው። ወረዳው በየጊዜው የሚልካቸው መሣሪያዎች ጋሽ አጎናፍር ካሉት ጋር እስኪስማሙ ድረስ ይስተካከላሉ።

ዕጣው በወጣ በወሩ ሌሎቹ ቀበሌዎች በሙሉ ማሳቸውን ታላቁ መረብ ለሚባል ኩባንያ አከራዩ። ከእኛ ጋር የሚዋሰኑት አራቱም ካሬዎች የእሱ ናቸው። እኛም ልንፈርም ተሰብስበን ሳለ ጋሽ አጎናፍር ተነሡና ያላየነውን መስክ ለማናውቀው ሰው አንሰጥም፣ አዲስ መስክ መጀመሪያ ይረፍ፣ እንዝጋው አሉ። እስከ መቼ ሲባሉ ሲደርስ አያለሁ አሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ግን አባ ቄራ ናቸውና ተዘጋ። የመዝጊያውን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ማኅተሙንም የመታሁት በእጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ጎረቤቶቻችን በኪራዩ የትምህርት ቤት ጣሪያ ቀየሩ፣ እስከ መሐል ሜዳ የሚያመላልስ አውቶብስ ገዙ። እኛ የጥበቃ ተራ ነበረን። እንደ ጓሳው ሁሉ እያንዳንዱ ቤት ተራውን ጠብቆ በርኖሱን ይደርባል፣ ዱላውን ይይዛል፣ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ባለው፣ የማሳውን ዓሦች ከሩቅ በሚያሳየው ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ባሕሩን ይጠብቃል። ዱላው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ጥበቃ ያለ ዱላ ጥበቃ አይመስልም።

በመጀመሪያው ዓመት ስክሪኑ ላይ ትናንሾቹ ዓሦች እንደ ተበተነ ጥሬ እዚህም እዚያም ነበር የሚታዩት። ሰርዲን ናቸው ብዬ አስረድቼ ነበር፤ እነሱ ግን ገብስ አሏቸው፤ ለሌላው ሁሉ ምግብ ናቸውና። በሁለተኛው ዓመት ገብሱ በቀለ። በሦስተኛው ዓመት ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ነጣ። ጋሽ አጎናፍር በየሳምንቱ እየመጡ እጃቸውን ኋላቸው አጣምረው ያዩታል። ገና ነው፣ ሁለት ዓመት ይቀረዋል ይላሉ።

በሚያዝያ ወር ከባሕር ማሳዎች ባለሥልጣን ደብዳቤ ደረሰኝ። ማሳ ቁጥር 4417 ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ምርት ስላልተመዘገበበት ጦም ያደረ ማሳ ተብሎ ሰኔ ሠላሳ ቀን ይነጠቃል፤ ለአጎራባች ተጠቃሚ ይተላለፋል ይላል። አጎራባች ተጠቃሚ የሚባለው ማን እንደሆነ ለመናገር ካርታ ማየት አያስፈልግም።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጋሽ አጎናፍር ቤት ሄድኩ። የፈረሰ ካብ ሲጠግኑ አገኘኋቸው። አነበብኩላቸው። ድንጋዩን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ስለ ሹመታቸው ወይም ስለ ራሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«ሰዉ ሦስት ዓመት የታገሠው በእኔ ቃል ነው» አሉኝ። «ልጁ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሲማር ዝጉ ያልኩትን ቃል አክብሮ ነው። ማሳው ከሄደ ምን ብዬ ከሰው ፊት እቆማለሁ?»

እኔም የምቆምበት ፊት አልነበረኝም። ማኅተሙ የእኔ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ራቀኝ።

መጀመሪያ ያሰብነው አንድ ጀልባ ተከራይተን ጥቂት ዓሣ ማስወጣት ነበር፤ አንድ መረብ እንኳ ምርት ተብሎ ይመዘገባል። ጋሽ አጎናፍር ያልደረሰ መስክ ማስነካት ቢያማቸውም እሺ አሉ። በዚያ አካባቢ ያሉት ጀልባዎች ሁሉ ግን የታላቁ መረብ ሆነው ተገኙ። ጠየቅን። በጣም ትሑት የሆነ መልስ መጣልን፤ ውድ ደንበኛችን፣ እስከ ሐምሌ አሥር ነጻ ጀልባ የለንም፣ ስለ መረጡን እናመሰግናለን ይላል። በውስጤ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ግንቦት ላይ የጥበቃው ተራ የወይዘሮ አመለወርቅ ሆነ። ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ሦስት ጥማድ መሬት ብቻቸውን የሚያሳርሱ፣ ዓይናቸው ከስክሪን የማይነቀል ሴት ናቸው። ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ ቢሮዬ በር ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ።

«እታገኝ፣ ከብት ገብቷል» አሉኝ።

የማን ማሳ ላይ ብዬ ልወጣ ስነሣ በዱላቸው ወደ አዳራሹ አመለከቱኝ። ሄጄ አየሁ። በደቡቡ ጠርዝ በኩል ሰማያዊ ነጥቦች እየተግተለተሉ ወደ ነጩ መሐል ይገባሉ። እያንዳንዱ ሰማያዊ ነጥብ ቱና የሚባል ትልቅ ዓሣ ነው፤ አንዱ ቱና ወይፈን ያህላል። የኩባንያው ምልክት በጆሮው፣ ጆሮ ካለው ማለቴ ነው፣ ተደርጎበታል። ስድስት ሺህ ከምናምን ነበሩ። በሄዱበት ነጩ ይሳሳል። ገብሳችንን እየበሉ ነበር።

ያለፈውን መዝገብ ወደ ኋላ ሄጄ ባየው ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሱ ኖረዋል። ጠባቂው ሁሉ ገብሱን ሲያይ ሰማያዊውን የባሕሩ ጌጥ አድርጎት ነበር፤ እኔም ጭምር። ምልክታቸው ክብደታቸውን ይናገራል። ከስተው ይገባሉ፣ በሦስት ሳምንት ጎናቸው ሞልቶ ይወጣሉ፣ ከድንበሩ አንድ እርምጃ እንዳለፉ የኩባንያው መረብ ይቀበላቸዋል። በሕጉ መሠረት ኩባንያው ዓሦቹን ማስገር የሚችለው በራሱ ካሬ ውስጥ ብቻ ነው። ማብላት የት እንዳለበት ግን ማንም አልጻፈም።

ጋሽ አጎናፍርን ጠራኋቸው። ስክሪኑ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። እረኛ እንዳላቸው ጠየቁኝ። የላቸውም አልኩ። ባለቤታቸውን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲቀላ አየሁ፤ የደስታ ይሁን የንዴት ወዲያው አልለየሁትም።

«ይህን ሁሉ ከብት ያደለበ መስክ ነው እንግዲህ ጦም አደረ የሚባለው?» አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መመሪያውን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው። ሰማንያ ዘጠነኛው ላይ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። በማሳው የተጠቀመ ማንኛውም ወገን መጠቀሙን በፊርማው ካረጋገጠ ማሳው ጦም አደረ አይባልም ይላል። የጻፈው ሰው ስለ ተከራይ እያሰበ እንደሆነ ግልጽ ነው። ከብት ይገባል ብሎ አላሰበም። ለጋሽ አጎናፍር ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ልጀምር ስል ፈራሚው ማን ይሁን ይላል አሉኝ። የተጠቀመው አልኳቸው።

«በይ እንግዲህ አጥሩን ዝጊው» አሉ።

እያንዳንዱ ካሬ ዙሪያውን ከቀበሌው ስክሪን በአንድ ቁልፍ የሚዘጋና የሚከፈት ተንሳፋፊ አጥር አለው። በዓመት ዐሥራ አምስት ቀን ባለማሳው ሊዘጋው መብት አለው፤ ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ የለም፤ ዘግቶ የሚያውቅም አልነበረም። አገር ምድሩ የሚያውቀው የእኛ ልማድ ግን አለ። የሰው ከብት እህልህ ውስጥ ከገባ አትመታውም፣ አታርደውም። በረትህ አስገብተህ እያጠጣህ ታቆየዋለህ። ባለቤቱ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ከብቴ በልቷል ብሎ ያምናል፣ ከዚያ በኋላ ካሳውን መቀበልም መማርም የአንተ ፈንታ ነው። ቁልፉን ተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ዞረ። ወይዘሮ አመለወርቅ በእርካታ ድምፅ በረቱ ተዘጋ አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በማግሥቱ የኩባንያው ማሽን መልእክት ላከልኝ። አጥርዎ በስሕተት ተዘግቷል፣ ለመክፈት አንድን ይጫኑ ይላል። አልተጫንኩም። በሦስተኛው ቀን ከውጭ አገር አንዲት ሴት ደወለች፤ አማርኛው በማሽን ይመጣል። በማን ትእዛዝ እንደተዘጋ ጠየቀችኝ፤ በሽማግሌዎች አልኩ። የትኛው መምሪያ ነው አለች። የካቡ ሥር መምሪያ ልላት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዓሦቹን የያዝነው በምን ምክንያት እንደሆነ ስትጠይቀኝ እህል በልተው ነው አልኳት። ቃሉን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ማሽኑ ቃሉን የተረጎመበት መንገድ አሳስቧት ይሆናል።

ባለቤቱ ራሱ ይምጣ፣ ሌላ መልስ የለንም ብዬ ዘጋሁት። ፍርድ ቤት ቢሄዱ አጥሩ የሕግ መብታችን ነበር። ቢጠብቁ ደግሞ ዓሦቹ ለገዢ የሚደርሱበት ቀን ያልፋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ አንድ ሰው መኪና ላይ ጭኖ መላክ ቀለላቸው።

በዘጠነኛው ቀን ከአዲስ አበባ አቶ ኪሩቤል መጣ። የኩባንያው የአጎራባቾች ጉዳይ ኃላፊ ነው። ዕድሜው አርባ አይሞላም፤ የለበሰው ኮት ለቢሮ እንጂ ለመንዝ የተሰፋ አይደለም። ከመኪናው ሲወርድ ነፋሱ ተቀበለውና ለአፍታ ያህል መተንፈስ አቃተው። ጋሽ አጎናፍር በርኖሳቸውን አውልቀው ደረቡለት፣ ወንበር አመጡለት፣ ቆሎና ጠላ ቀረበለት። ለድርድር ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው እንዲህ ሲያከብሩት ይደነጋገራል፤ እሱም ተደነጋገረ።

ሽማግሌዎችህ የት አሉ ተባለ። ብቻዬን ነው የመጣሁት አለ። ይህማ አይሆንም ተባለ፤ ያለ ሽማግሌ የመጣ ባለቤት እንዴት ይታረቃል? ጥቂት ከተመካከሩ በኋላ ከራሳችን ሰው ሁለት ሽማግሌ አዋሱት። ያዋሱት ደግሞ የመንደሩን ሁለት አንደበተ ርቱዕ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እነዚያ ሁለት ሰዎች ለታላቁ መረብ እንደ ገዛ ቤታቸው ቆሙ። ኩባንያው በየከተማው ከቀጠራቸው ጠበቆች ሁሉ የሚበልጥ ሙግት ያን ቀን በነጻ አገኘ።

አቶ ኪሩቤል ተራው ሲደርስ ባሕር መስክ እንዳልሆነ፣ ዓሣም ድንበር እንደማያውቅ አስረዳ። በሬም አያውቅም አሉት ጋሽ አጎናፍር፤ ለዚህ ነው ባለቤት ያለው። ኩባንያው ለማኅበረሰቡ ካለው ፍቅር የተነሣ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በስጦታ ሊሠራ እንደሚችል ነገራቸው፤ ወረቀት ላይ ባይጻፍ ደስ እንደሚለው ጨመረ። ጣሪያ የሚለውን ስሰማ አሁን እሺ ይላሉ ብዬ ሰጋሁ። አዳራሹ ውስጥ ልጆቻቸው ዝናብ የሚመታቸው ሰዎች ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ግን ወደ ጋሽ አጎናፍር ዞረው ተመለከቱ። ጋሽ አጎናፍር ስጦታውን አመስግነው ሌላ ቀን እንቀበልሃለን፣ ዛሬ የመጣኸው ለበሉ ከብቶች ነው አሉት።

ያን ጊዜ እውነተኛው ጭንቀቱ ወጣ። ካሳው ስንት እንደሆነ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀ። ቁጥር ከተጻፈ፣ ይህ ወሬ ወደ ሌሎች አገሮች ባሕር ከተዛመተ፣ ቱና በበላበት ሁሉ እየተከፈለ ከቱና ትርፍ አይገኝም፤ ይህን በቃል ባይለውም ከፊቱ ይነበባል። የተዋሱት ሽማግሌዎች ተነሡ። ልጁ ከሩቅ አገር መጥቷል፣ ብርዱን አልቻለውም፣ ከብቱም እረኛ ስለሌለው እንጂ ክፋት ኖሮበት አይደለም ብለው አማለዱ። ከዚያም እንደ ደንቡ ድንጋይ ይሸከም አሉ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ጫንቃው ላይ ድንጋይ አድርጎ ዝቅ ይላል። ወይዘሮ አመለወርቅ ከካቡ ውስጥ መርጠው ትንሿን አመጡለት፤ ከፍታውን አስበው ነው። አቶ ኪሩቤል ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። ቀይ ክራቫቱ ወደ ፊት ተንጠለጠለ። ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ።

ጋሽ አጎናፍር ተነሥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

«ካሳውን ምረንሃል» አሉት። «አንዲት ሳንቲም አንፈልግም። መብላታቸውን ብቻ እመንልን።»

እንዲህ ያለ እፎይታ በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን አቀረብኩለት። የታላቁ መረብ ኩባንያ ዓሦች በኮሶ አምባ ቀበሌ ማሳ ገብተው ሁለት ዓመት ሙሉ እንደበሉ፣ እስከ ዛሬ ጠዋት የበሉት ካሳ በሽምግልና እንደተማረ ይናገራል። ሌላ ነገር የለበትም። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ጣቱ በመስመሮቹ ላይ እየሄደ ቁጥር ይፈልግ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ለኩባንያው ማሽን በስልኩ አስነበበው። ማሽኑ ጥቂት አሰበና የገንዘብ ግዴታ የለበትም አለው። ፈረመ። ፈገግ ብሎ እኔንም አመሰገነኝ።

ማኅተሙን መታሁና እዚያው ቆሜ ለባለሥልጣኑ ላክሁት። መልሱ ጠላው ከዋንጫው ሳያልቅ መጣ። ማሳ ቁጥር 4417፣ በጥቅም ላይ ያለ፣ የመንጠቅ ትእዛዙ ተሽሯል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጋሽ አጎናፍር ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱና ቶሎ መለሱት። እኔ ግን አላፈርኩም፤ አለቀስኩ። አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ሦስት ዓመት ሲያጉረመርሙ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ከመጀመሪያውም ሐሳቡ የእኛ ነበር የሚል ፊት ይዘዋል።

አቶ ኪሩቤል የሰማውን በልቡ ሲያገላብጠው አየሁት። ካሬው ሊተላለፍለት የነበረው አጎራባች እሱ እንደነበረ ትዝ አለው። ለአፍታ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሰው ግን የመጣበትን ነገር ይዞ ለመሄድ ይቸኩላልና ሳቅ ብሎ አለፈው። ገዢዎቹ እየጠበቁ ነው፣ አሁን አጥሩን ክፈቱልኝ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ታርቀናል፣ ከብቱ ይለቀቅ አሉ ጋሽ አጎናፍር።

ቁልፉን ተጫንኩት። ቀዩ መስመር ከስክሪኑ ጠፋ። ሁላችንም ቆመን አየን።

ስድስት ሺህ ሰማያዊ ነጥብ ከነጩ መሐል ንቅንቅ አላለም። አንዱ ብቻ እስከ ደቡቡ ጠርዝ ሄደ፣ ወደ ኩባንያው ካሬ አሻግሮ ያየ መሰለ፣ እዚያ ምንም አልነበረም፤ ዞሮ ተመለሰ። አቶ ኪሩቤል አጥሩ በእርግጥ ተከፍቷል ወይ አለኝ። ተከፍቷል አልኩ። ሩብ ሰዓት ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። ቆሎውን ሳያስበው ጨረሰው። ድንበሩን ካልተሻገሩለት ሊያስግራቸው እንደማይችል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

«ለምንድን ነው የማይወጡት?» አለ በመጨረሻ።

«የለመለመ መስክ ትቶ የሚሄድ ከብት አይቼ አላውቅም» አሉት ጋሽ አጎናፍር፤ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት የሚባል አልነበረም። «ይቆዩ። እኛ አንገፋቸውም። ብቻ የማርንህ እስከ ዛሬ ጠዋት የበሉትን ነው።»

አቶ ኪሩቤል ወረቀቱን ለአራተኛ ጊዜ አነበበ። ከዚያ ስልኩን አጠፋ፣ ወንበሩን ወደ ጋሽ አጎናፍር አስጠጋና እነዚያን ሁለት ሽማግሌዎች እንደገና አውሱኝ ብሎ ለመነ። አዋስነው። ድርድሩ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ሦስቱንም ቀን ዓሦቹ ሲበሉ ነበር።